የደሴ ብርድ መጥቷል፤ ማንደጃውን ከቤት አውጡት

በጋው ሲገባ የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬት እናወልቃለን፤ ማታ ስንመለስ ግን ጋቢም አይበቃን።

ትንበያው «በደጋማ አካባቢዎች ውርጭ ይኖራል» ሲል ብዙ ሰው ሰምቶ ያልፋል። እኔ ግን እሰጋለሁ። እንደ ራስ ደጀን አናት በረዶ ባይጥልብንም ውርጩ ይበቃናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ወደ ሜዳውና ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ቦሩ ሜዳ ላይ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ አይቻለሁ። የባቄላው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ላይ ደቃቅ በረዶ ይዟል። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተዝለፈለፈ። የስንት ወር ልፋት በአንድ ሌሊት! መስኖ ያላችሁ ከዋዜማው አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ከሰሉ ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት እኛ ሰፈርም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንደተኙ ይገድላል። እናቶቼ፣ እባካችሁ፣ ፍሙን ውጭ አውጥታችሁ አጥፉት። ለልጆቹ ካልሲና ኮፍያ ደርቡላቸው። ለሱብሂ ለሚነሱ አባቶችም የውዱእ ውኃውን ለብ አድርጉላቸው።