የእኔ ቁጥር 1

ይህንን ታሪክ ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። እማዬ ግን ለሰፈር ሁሉ በትናዋለች፤ ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ?

እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ። አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከባህር ዛፍና ከጽድ ውጭ ያለውን ሁሉ በጅምላ «ቅጠል» የምል። ጀርመን ማስተርሴን ስማር አንድ ፕሮጀክት የዕፅዋት ናሙናዎችን ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብ ተማሪ ፈለገ። እንደ ቀልድ አመለከትኩ፤ እንደ ቀልድ ፔሩ ገባሁ። እማዬ የላከችልኝን ሁለት ኪሎ ቡና ሻንጣዬ ውስጥ ሸጉጬ።

ከተማዋ ኦክሳፓምፓ ትባላለች። ጫካው ከአንዲስ ተራሮች ወደ አማዞን ቁልቁል የሚንደረደርበት በኩል ናት። እዚያ ስደርስ መጀመሪያ የነገሩኝ አልዊን ጄንትሪ ስለሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሰውየው ኢኪቶስ በምትባል የፔሩ ከተማ አካባቢ አንድ ሄክታር ጫካ ለክቶ ወደ 300 የሚጠጉ የዛፍ ዝርያዎች ቆጥሯል። አንድ ሄክታር! ይህን የሰማ ሰው ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። በዚህ ሁሉ ጫካ አንዷ እንኳን ለእኔ ትጥፋ?

አለቃችን፣ አንዲት ፔሩአዊት ዶክተር፣ ቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። «አዲስ ዝርያ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጫካ ውስጥ ሳይሆን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው» አሉኝ። ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ የሚለየው ባለሙያ እስኪመጣ አሥርት ዓመታት የሚጠብቅ ናሙና ሞልቷል ለማለት ነው። የእኔ ልብ ግን ጫካ ሸፍቷል።

በሦስተኛው ሳምንት መቀስና የጋዜጣ ክምር አሸክመው ከአንድ ሽማግሌ መንገድ መሪ ጋር ላኩኝ። ሥራው ከባድ አይደለም። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ። ጋዜጣ መሃል ዘርግተህ ትጫነዋለህ። ሲደርቅ የሚጠፋውን ሁሉ፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ሲቆረጥ የሚወጣውን ፈሳሽ በእርሳስ ትጽፋለህ። ከዚያ ቁጥር ትሰጠዋለህ። ቁጥሩ የአንተ ነው። ከ1 ይጀምርና ዕድሜ ልክህን ይከተልሃል። ጄንትሪ 80 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

እናም አየኋት። ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የቆመች፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ የምትበልጥ ቁጥቋጦ። ቅጠሎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የበቀሉ፣ ቅቤ የተቀቡ ይመስል የሚያብረቀርቁ፣ ጠርዛቸው እንደ ቀሚስ ዘርፍ የሚወዛወዝ። በቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ፍሬ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ተደርድሯል። አንዱን ፈለቀቅኩት። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ዘር፣ ተቃቅፈው የተኙ። አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው። የሆነ ቦታ ያየሁት ይመስለኛል።»

ሽማግሌው በቆንጨራቸው ጫፍ ወደ ቁጥቋጦዋ እያመለከቱ «ካፌ» አሉኝ።

ስፓኒሽኛዬ የሦስት ሳምንት ነው። ሰው ቡና ሲጋብዘኝ እምቢ ማለት ደግሞ አላደግኩበትም። «ሲ፣ ግራሲያስ፤ ቆይተን» አልኳቸው።

«ኖ፣ ኖ። ካፌ!» አሉ፣ ፍሬውን እየነካኩ።

«ሲ፣ ሲ። ስጨርስ እንጠጣለን።» እውነቱን ለመናገር ትንሽ ታዘብኳቸው። ታሪክ እየተሠራ ሰው እንዴት ስለ ቡና ያወራል? እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

አምስት ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ቁጥር 1። ስንመለስ መንገድ ላይ ስም ሁሉ አወጣሁላት። በራስ ስም መሰየም ነውር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በእማዬ ስም።

ማታ ዶክተሯ ጋዜጣውን ገለጡት። ማጉያ መነጽራቸውን እንኳን አላነሱም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አንተ፣ አገርህ የት ነበር?»

«ኢትዮጵያ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ከዚያ ምንም ሳይሉ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስኒዬን ሳብ አድርገው ከቅርንጫፉ አጠገብ አስቀመጡት። ስኒው ውስጥ ያለው የእማዬ ቡና ነው።

ለካ ያ ቦታ ባለቤቱ ትቶት ጫካ የዋጠው እርሻ ኖሯል። ጎረቤቷ ቢያ ሪካ በቡና የታወቀች ከተማ ናት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም ልጅ ሆኜ ሰፌድ ላይ ስንት ቡና ለቅሜያለሁ! ግን እኛ ቤት ቡና የሚመጣው ከሱቅ በፌስታል ነው። ቅጠል እንዳለው ማን ነገረኝ?

መጽናኛ ብጤ ፈልጌ ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣውን ሊኒየስን አነሳሁ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1753 «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ ሲሰይመው የኢትዮጵያን ቡና ዓረብ አድርጎታል።

«እሱ ስዊድናዊ ነው» አሉኝ ዶክተሯ።

ቁጥሩ ይሰረዝልኝ ብዬ ለመንኩ። አይሰረዝም። «ከድሮ እርሻ የቀረ» ተብሎ ይመዝገብ ተባለ። መዝጋቢው ደግሞ ማን ነው? እኔ። አገር፦ ፔሩ። ሰብሳቢ፦ እኔ። ቁጥር፦ 1። በገዛ እጄ ተየብኩት።

ቅዳሜ እማዬ ደወለች።

«እሺ ልጄ፣ ጫካው ውስጥ ምን አገኘህ?»

«ቡና።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ምነው፣ የላክሁልህ አለቀ እንዴ?»