የእናቴን ጥያቄ ይዤ ሴሚናር ገባሁ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ቤቱ ተወዛወዘ። የምኖረው አክስቴ ጋ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሰባተኛ ፎቅ ላይ። መጀመሪያ ያየሁት የቁም ሳጥኑን በር ነው። ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ጠርዙን እየዘለለ ወለሉ ላይ ይፈስ ጀመር። አክስቴ "በስመ አብ!" ብላ ነጠላዋን አንስታ ቀደመችኝ። እኔ ደረጃውን በባዶ እግሬ ነው የወረድኩት። ዛሬ ጠዋት በሬክተር ስኬል 6.0 እንደነበር ሰማን። አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ መነቃነቅ ከጀመረ ወዲህ ትልቁ ይሄ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ግን መጻፍ የፈለግኩት ስለ መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። ትናንት ግቢ ውስጥ ጋቢ ተከናንበን ቆመን ሳለ ጎረቤቶቼን የሆነ ነገር አስረዳኋቸው። ገባቸው። ያን ነገር ያገኘሁት ከአንድ ሴሚናር ነው። ስለዚያ ሴሚናር ልጻፍ።

ታኅሣሥ 26 እንዲህ አልነበረም። ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲል፣ ያኔም ነቅንቆን ወርደን ነበር። የብሎካችን ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ የምትማሪው ይሄንኑ አይደል እንዴ? እስቲ ንገሪን!" አሉኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነታቸውን ነው፤ የጂኦፊዚክስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚሁ ስምጥ ሸለቆ ሳነብ ነው የከረምኩት። አፌን ስከፍት ግን የመጣልኝ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነ። "ዳይክ ኢንትሩዥን" አልኩ። ቀጥዬ "ስዋርም" አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባው ሰው አነቃነቅ ግን አልነበረም። "እሺ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀን" ብለው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ። እንደዚያን ሌሊት አፍሬ አላውቅም።

ሲነጋ እናቴ ደወለች። እማዬ ሰሜን ሸዋ፣ ማጀቴ የምትባል ከተማ ነው ያለችው። ደህና መሆናችንን ካረጋገጠች በኋላ ትንሽ ዝም አለች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ነገር ለምንድን ነው አንዴ ተንቀጥቅጦ የማይተወን? ለምን ይመላለሳል?"

እማዬ ይሄን ዝም ብላ አልጠየቀችም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ እዚያው አካባቢ ካራቆሬ ላይ ብዙ ቤት የጣለው መንቀጥቀጥ ሲመጣ እሷ አያቴ ጀርባ ላይ የታዘለች ሕፃን ነበረች። አያቴ እስክታርፍ ድረስ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ የሚቆጫት ትልቁ ምት አልነበረም። "የአንዱን ቀንስ በቻልነው ነበር። ልባችንን የበላው ነጋ መሸ ሳይል መመለሱ ነው" ትል ነበር። ቤት ለመግባት ፈርተው ውጭ እያደሩ ስንት ቀን እንደቆዩ አትረሳም።

አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያኔ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው። እኚህ ሰው መሣሪያው የሚመዘግበውን ብቻ አይደለም የሰበሰቡት። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከድሮ ጽሑፎች ሁሉ እየለቀሙ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ማስተርስ እንደጀመርኩ ላይብረሪ ውስጥ የማጀቴን ስም እዚያ ሳገኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀኑ አለ፣ ቁጥሩ አለ። የአያቴ ጥያቄ ግን 64 ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ነው የቆየው።

"ጠይቄ እነግርሻለሁ፣ እማዬ" አልኳት።

የምጠይቅበት ቦታ አልጠፋም። ዲፓርትመንታችን በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሴሚናር አለው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ከተባለ የዚህ ሴሚናር ነገር ዋና ነገር ነው። ሌክቸር የተጋገረ እንጀራ ነው፣ ቀርቦልሽ ትበያለሽ። ሴሚናር ግን ሊጡ ሲቦካ የምታይበት ነው። ተመራማሪው ገና ያልጨረሰውን፣ እሱ ራሱ የሚጠራጠረውን ነገር ይዞ ይመጣል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በር አጠገብ ተቀምጬ አቴንዳንስ እየፈረምኩ፣ ሻይና ብስኩቴን ይዤ ነው የወጣሁት። አንድም ቀን እጄን አላወጣሁም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁበት ግቢ፣ ፍሬሽማን እያለን አንድ ልጅ ለምን የአንዱ ቀመር ምልክት ኔጌቲቭ እንደሆነ ጠየቀ። ሌክቸረሩ "ሃይስኩል ሳትማር ነው እንዴ የመጣኸው?" አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ልጅ እስክንመረቅ ድረስ ሌላ ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጥያቄ ያለው?" ሲባል ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። የማይገባኝን ማታ ዶርም ውስጥ ከሃንድአውቱ ለማግኘት እታገል ነበር። አንዳንዴ አገኘዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ አላገኘውም። ይሄን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል። ያ ጥያቄ እኮ የኔም ጥያቄ ነበር።

እዚህ ያየሁት ሌላ ነው። ከፊት የሚቀመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ፕሮፌሰር አሉ። ሁልጊዜ ከሁሉም የቀለለውን ጥያቄ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። "ይቅርታ፣ ቋሚው መስመር ላይ ያለው ቁጥር መለኪያው ምንድን ነው?" ይላሉ። ስንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ያልገባቸውን አልገባኝም ሲሉ ቅንጣት አይሸማቀቁም። እሳቸውን እያየሁ ነው ቀስ በቀስ የደፈርኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን። እንግዳው ተናጋሪ ውጭ አገር የሚሠራ ሐበሻ ተመራማሪ ነው። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ያን ሰሞን ስለ መንቀጥቀጥ መስማት የማይፈልግ ሰው አልነበረም። የሳተላይት ራዳር ምስል አሳየን። ሳተላይቱ አንድን ቦታ ዛሬ ያያል፣ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ያያል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ መሬቱ የተንቀሳቀሰበት ቦታ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የተደራረቡ ቀለበቶች ይወጣሉ። አንዱ ቀለበት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ወይም ከሳተላይቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። እንግዳው ቀለበቶቹን በጣቱ እየቆጠረ ሳለ መብራት ጠፋ።

ፕሮጀክተሩ ድርግም። ከኋላ ቦርሳ የመሰብሰብ ድምፅ ተሰማ። እንግዳው ግን "ጠመኔ አለ?" አለ። ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ቁራጭ ተገኘለት። በእንግሊዝኛ ጀመረ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ወደ አማርኛ ገባ። ምናልባት ስላይዱ ሲጠፋ እንግሊዝኛውም አብሮ ጠፍቶበት ይሆናል።

"ቅልጥ አለቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይወጣም። ከመሬት በታች፣ በስንጥቁ ውስጥ፣ ወደ ጎን እየሰረሰረ ይሄዳል። ዳይክ የምንለው እሱን ነው። ቀጭን ነው፣ ግን ግራና ቀኙን እየገፋ ይከፍተዋል። ልክ እንደ… እንደ…"

ሁለት መዳፎቹን ገጠመና በመሃል ጣቱን ለማስገባት ሞከረ። ቃሉ አልመጣለትም። ክፍሉም ዝም አለ።

"ሽብልቅ" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያናችን ናቸው። የኤክስቴንሽን ገመዱን ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው ቆመዋል። "እንጨት ሲፈለጥ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው። ሽብልቅ" አሉ ደግመው።

እንግዳው ፊቱ በራ። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እሱ ነው!" ብሎ ቦርዱ ላይ በትልቁ ጻፈው። ሽ ላይ ጠመኔው ለሁለት ተሰበረ። በቀረው ቁራጭ ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሌላ ሆነ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የሆነውን ነገረን። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሽብልቅ ገብቶ፣ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። ዋናው ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይሄን ቁጥር ከመቶ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ግን በመጥረቢያ የሚፈለጠውን የግራር ጉቶ ነው ያየሁት፣ እጄ ውስጥ ያለ ያህል።

"ጥያቄ ያለው?"

እጄን አወጣሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። "ዶክተር፣ ጥያቄው የእናቴ ነው" አልኩ። ስለ ማጀቴ፣ ስለ አያቴ ተናገርኩ። "ለምንድን ነው አንዴ ተንቀጥቅጦ የማይተወን?"

የሳቀ የለም። እንግዳው ጠመኔውን አስቀምጦ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ፣ አለ፣ ስንጥቅ ላይ የተጠራቀመው ጉልበት በአንዴ ሲለቀቅ ትልቁ ይመጣል፣ ትንንሾቹ ይከተላሉ፣ እየራቁ እየደከሙ ይሄዳሉ። ቅልጥ አለት ሲገፋ ግን እንደዚያ አይደለም። ይገፋል፣ ይሰነጥቃል፣ ይቆማል። እንደገና ኃይል ያጠራቅማል፣ እንደገና ይሰነጥቃል። "ሽብልቅ በአንድ ምት እንጨት አይፈልጥም። መዶሻው ባረፈበት ቁጥር እንጨቱ ይንጫጫል። እናትሽ የሰሙት ያን ነው።" ከዚያ ደግሞ ጨመረ። "የማጀቴውን ግን ከዚህ ጋር አንድ ነው ብዬ አልነግርሽም። ያኔ ሳተላይት አልነበረም። ከመሬት በታች ምን እንደሆነ አላየንም።" ይሄን በማለቱ ይበልጥ አመንኩት።

ከዚያማ ጥያቄው ጎረፈ። አንዱ ልጅ ለምን ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሲደነግጥ ምድር ቤት ያለው እንደማይሰማው ጠየቀ። እንግዳው የአንገት መታወቂያውን አወለቀና ቁልፉን በማንጠልጠያው ጫፍ አሰረ። እጁን ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ቁልፉ በሰፊው ተወዛወዘ። ማንጠልጠያውን አሳጥሮ ያዘና እጁን በዚያው ፍጥነት አንቀሳቀሰ። ቁልፉ እጁን ተከትሎ ሄደ እንጂ አልተወዛወዘም። ከ150 ኪሎ ሜትር ርቀት ከሚመጣው ማዕበል ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበው ክፍል መንገድ ላይ ይጠፋል። አዲስ አበባ የሚደርሰው ቀስ እያለ የሚወዛወዘው ነው፣ እሱ ደግሞ ረጅሙን ሕንፃ ነው የሚያወዛውዘው። በስልክ መብራት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ቆየን። ቦርሳቸውን የሰበሰቡት ልጆች እንኳ አልወጡም ነበር።

እንግሊዝኛ ይቅር እያልኩ አይደለም። ዓለም የሚያነበው በእሱ ነው፣ እኔም ቴሲሴን የምጽፈው በእሱ ነው። ግን በእያንዳንዱ ሴሚናር መጨረሻ አሥር ደቂቃ ብቻ "አሁን ለእናታችሁ ንገሯት" ቢባል እላለሁ። አጥብቄ ነው የምፈልገው። ስንወጣ ቴክኒሺያኑን ላመሰግናቸው ቀረብኩ። "ስንቱን ሴሚናር እዚህ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ መሰለሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። እኔም በዚያው በር አጠገብ ሁለት ዓመት ስቀመጥ አንድ ቀን አላዋየኋቸውም።

ማታውኑ ለእማዬ ደወልኩ። ሽብልቅ ስላት ገና ሳልጨርስ ገባት። ዝም አለች፣ አሰበች።

"ታዲያ መቺው መቼ ነው የሚደክመው?"

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ትናንት ሌሊት ጋሼ ግቢው ውስጥ እንደገና አዩኝ። በዚህኛው ጊዜ እሳቸው ሳይጠይቁኝ እኔ ሄድኩ። ስለ ሽብልቁ ነገርኳቸው። "ገና ፈልጦ አልጨረሰም በይኛ!" አሉ። ሰው ተሰበሰበ። ምድር ቤት ያሉት እትዬ ጫጫታችን ቀስቅሷቸው ነው የወጡት፣ እሳቸው ምንም አልሰሙም። ለእሳቸው ደግሞ የቤቴን ቁልፍ በነጠላ ክር አስሬ አወዛወዝኩላቸው። እጄን ይዘው "እንደገና አድርጊው" አሉኝ፣ አደረግኩት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ፎቁ አዩ።

"እሺ ልጄ፣ አሁን እንግባ ወይስ እዚሁ እንደር?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የማላውቀው መሆኑን ነገርኳቸው። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ጋቢያቸውን ለሁለት ተከናነብን። ጥያቄያቸውን ስልኬ ላይ ከእማዬ ጥያቄ ሥር ጻፍኩት። ሐሙስ 9 ሰዓት ሴሚናር አለ።