ፍሬዛል ቨርብ፦ «ኢት» የት ትገባለች?

ፍሬዛል ቨርብ በእንግሊዝኛ ግስ እንደ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ካለች ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ፍቺ ሲሰጥ ነው። «ጊቭ አፕ»ን (መተው፣ ተስፋ መቁረጥ) ለሁለት ከፍሎ መተርጎም፣ «እጅ ሰጠ» ሲባል የተቆረጠ እጅ እንደ መፈለግ ነው። ይሄ ብዙም አያከራክርም፤ አስቸጋሪው አያያዙ ነው። በ«ጌት» የሚጀምሩትን ሁሉ ደርድሮ መሸምደድ አይመከርም። «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ» እና «ጌት አዌይ» ባንድ ቀን ከተጠኑ ይምታታሉ። ከተለያየ ግስ በቀን ሦስት ይበቃል፤ እያንዳንዱም በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ «ኢት» ወይም «ሂም» ገብታበት ይጻፍ።

ተውላጠ ስሟ ያስፈለገችው ቦታውን ስለምታጋልጥ ነው። መብራቱን አጥፋ ለማለት «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ልክ ናቸው። «ኢት» ስትመጣ ግን ምርጫ የለም፦ «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ። «ሉክ አፍተር» (መንከባከብ) ደግሞ አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። «ኦፍ» እዚህ ተውሳከ ግስ ስለሆነች ለብቻዋ መቆም ትችላለች፤ «አፍተር» ግን መስተዋድድ ናትና ስሙን ከኋላዋ ትፈልጋለች። ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ይህን በዘዴ ይጠቁማል፦ «ሰምቲንግ» የምትለው ቃል መሀል ከገባች ይከፈላል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ከተቀመጠች አይከፈልም።

አንድ መስመር ላይ አንድ ፍቺ ብቻ ጻፉ። «ቴክ ኦፍ» ተሳቢ ከሌለው አውሮፕላን ተነሳ ነው፤ «ቴክ ኢት ኦፍ» ከሆነ ግን ልብስ ወይም ጫማ ማውለቅ ይሆናል።

«አፕ» አንዳንዴ አሟጦ መጨረስን ታመለክታለች፤ «ኢት ኢት አፕ» (የመጀመሪያዋ «ኢት» «ብላ» የሚለው ግስ ናት) ማለት ጥርግ አድርገህ ብላው ነው፣ «ዩዝ አፕ»ም እንዲሁ። ይህን ፍቺ ግን ሁሉም ላይ አትጫኑት፤ «ጊቭ አፕ» ላይ አይሠራም።

«ፑት ኦፍ» እና «ኮል ኦፍ»ን መለየት ግድ ነው። የመጀመሪያው ማራዘም፣ ሁለተኛው መሰረዝ ነው፤ ያምታታ ሰው የተሰረዘ ስብሰባ አዲስ ቀን ሲጠብቅ ይከርማል። ለማራዘም «ፖስትፖን» የሚለውን ከመጽሐፍ ያወቀ ተማሪም ንግግር ውስጥ «ፑት ኦፍ» ሲሰማ ግር ይለዋል፤ በወሬ መሀል የሚዘወተረው ይኸኛው ነው።

ደብዳቤ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት ደግሞ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ» ነው። እዚህ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች ተከታዩ ግስ «ኢንግ» ይጨመርበታል፦ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩ»።

ስትከልሱ ፍቺውን ሳይሆን «አፕ»ን ወይም «ኦፍ»ን ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። አብዛኛው ሰው ግሱን ያስታውሳል፤ የምትጠፋው ትንሿ ቃል ናት።