የነቀልኩት ባንኮኒ

ወርክሾፔ ውስጥ የምሠራበት ጠረጴዛ የላይኛው ጣውላ ዝግባ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ አራት ጣት። አንደኛው ጠርዙ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል። መላጊያ አልነካውም፤ ለብዙ ዓመት የሰው ክርን እየተደገፈ ነው የበላው። ይህ ጣውላ ፒያሳ የነበረ የአንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ነበር። የነቀልኩት እኔ ነኝ።

የዛሬ 11 ዓመት ነው። ባለቤቱ «ዘመናዊ አድርግልኝ» አለኝ፤ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ ባንኮኒው ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ኤምዲኤፍ እንዲሆን። ትዳር ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም፣ ሥራ እፈልግ ነበር፣ እሺ አልኩ። በሁለት ቀን አወረድኩት። ፊት ለፊቱን ስፈታ አንድም ምስማር አላገኘሁም፤ እንጨቱ ተቦርቡሮ እርስ በርሱ ተሰክቷል፣ መጋጠሚያው በእንጨት ችንካር ተይዟል። በሁለተኛው ቀን ማታ አባቴ ሥራዬን ሊያይ መጣ። እሱም አናጢ ነበር። ከተከመረው አንዱን ቁራጭ አንስቶ አሸተተው፣ መልሶ በቀስታ አስቀመጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን መልሶ ያመጣብኝ አምና ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ያየሁት ቤት ነው። እህቴ እዚያ ትኖራለች። «አንተ እንጨት ትወዳለህ» ብላ ክራውን ወደሚባል መጠጥ ቤት ወሰደችኝ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ዛሬ የምናየውን መልክ መያዝ የጀመረ ነው። ቪክቶሪያን እኛ የምናውቃት በሌላ ነገር ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ያለ መልስ የቀረው፣ ልዑል ዓለማየሁም ከሀገሩ ርቆ የሞተው በእሷ ዘመን ነው። ይህን በልቤ ይዤ ነው የገባሁት። እጅን ግን ማክበር አለብኝ፤ የእንጨት ሠራተኛ እጅ የትም የእንጨት ሠራተኛ እጅ ነው።

ከውጭ የታችኛው ፎቅ ግድግዳ ባለቀለም ሴራሚክ ነው። ውስጡ ባንኮኒው ከላይ ቀይ ግራናይት፣ ከሥር ሴራሚክ። የእንጨት ምሰሶዎቹ ተቀርጸው አናታቸው ወርቅማ ተቀብቷል፤ ኮርኒሱ ጥልፍ የመሰለ ጌጥ ወጥቶበታል፤ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ናቸው። መብራቱ ዛሬም ጋዝ ነው፣ ሴራሚኩ ላይ ሲያርፍ ይንቀሳቀሳል። ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ የመጡ ጣልያን ባለሙያዎች ማታ ማታ እየመጡ ሠሩት ይባላል።

በባንኮኒው ትይዩ 10 ትንንሽ የእንጨት ክፍሎች ተደርድረዋል። ስናግ ይሏቸዋል። እያንዳንዳቸው በር አላቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ከኤ እስከ ጄ ተሰይመዋል። ያኔ መጠጥ ቤት መታየት የማይፈልግ ሰው ገብቶ በሩን ይዘጋል። ክብሪት የሚጭርበት የብረት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተመቷል። አስተናጋጅ ሲፈልግ ደወሉን ይጫናል፣ ባንኮኒው ዘንድ የትኛው ክፍል እንደጠራ ይታያል። እህቴ ቢራዋን ስትጠጣ እኔ የበሩን ማጠፊያ ስዳስስ ነበር።

የእኛ ጠጅ ቤት የዚህ ተቃራኒ ነው። ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ ረጅም አግዳሚ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ብርሌህን ይዘህ ከማታውቀው ሰው ጎን ትቀመጣለህ። በር የሚዘጋብህ የለም። የቤት አሠራር ሰው ከሰው ጋር እንዴት ሊኖር እንዳሰበ ይናገራል፤ አግዳሚውን አንስተህ የፕላስቲክ ወንበር በደረደርክ ጊዜ ያ ንግግር ይቋረጣል። የእነሱ ንግግር አልተቋረጠም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዩሮፓ ሆቴል ሰሜን አየርላንድ በፖለቲካ ግጭት በምትታመስበት ዘመን ከ30 ጊዜ በላይ ቦንብ ፈንድቶበታል፣ የክራውንም መስታወት አብሮ እየረገፈ ነበር። ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1978 ገዝቶ አሳደሰው። ዛሬም መጠጥ ይሸጣል።

እንደተመለስኩ መጀመሪያ የሄድኩት እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። በ1898 ዓ.ም. እንደተሠራ የሚነገርለት፣ የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል። ልጅ ሆኜ አባቴ ይዞኝ ገብቶ መዳፌን የደረጃው መደገፊያ ላይ አስቀምጦ ከታች እስከ ላይ አስኬደኝ። «መጋጠሚያውን ካገኘኸው ንገረኝ» አለኝ። አላገኘሁትም። አሁንም ሄጄ ያንኑ አደረግሁ። ወለሉ ሲረገጥ ያቃስታል፣ ኮርኒሱ ከፍ ብሎ አየር ይሰጣል፣ ሰዉ ለጾም ምሳ ተሰልፎ ደረጃውን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሳ ጭሱን ከሩቅ ያየሁት ቆሜ ነው። የጃዛምባ የሙዚቃ ቤት ያን ቀን ወደመ። እኔ የማስበው ግን መደገፊያውን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው ስለ ሰገነቶቹና ስለ ግንቦቹ ተናገረ። ልክ ነው፣ እኔም አዝኛለሁ። የቤቱ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ግሬደር ሳይመጣ በፊት ነው የሚያልቀው፤ እንደ እኔ ባለ አናጢ እጅ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በሁለት ቀን። ጥርብ ድንጋዩ ቆሞ በሩ፣ ኮርኒሱ፣ ባንኮኒው ከሄደ የቀረው አጥር ነው።

ስለዚህ አሁን አሮጌ ቤት ለማደስ ስጠራ መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ግማሽ ቀን እለካለሁ። የበሩን ቅርጽ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ፣ መጋጠሚያውን ፎቶ አነሳለሁ፣ ለባለቤቱም የሚድነውን እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማል። አንዳንዱ ሌላ አናጢ ይጠራል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መጣ። አራዳ ውስጥ ትንሽ ቡና ቤት ሊከፍት ነው፣ ባንኮኒ ይፈልጋል። የላሚኔት ናሙና ይዞ ነበር። ናሙናውን ተቀብዬ መሣሪያዎቹን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳሁና «ክርንህን እዚህ አሳርፍ» አልኩት። አሳረፈ። ጎድጓዳው ላይ ልክ ገባለት። ጣውላውን ያለ ዋጋ እሰጥሃለሁ፣ የምትከፍለኝ የእጄን ብቻ ነው አልኩት። አንድ ነገር ግን ለመንኩት፤ የተበላው ጠርዝ ወደ ደንበኛው እንዲዞር። ተስማምቷል፣ ሰኞ መላግ እጀምራለሁ። ያን ጠርዝ አልነካውም።