ከገለጻ ወደ ድምፅ ቅጂ፦ የእንግሊዝኛ መምህራንን ሥልጠና የቀየርኩበት መንገድ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ሥልጠናን እንዳሻሽል ኃላፊነት ሲሰጠኝ ከሁሉ በፊት ያየሁት የጊዜ ሰሌዳውን ነው። አብዛኛውን ሰዓት ገለጻ ይዞታል። ሠልጣኞቹ ስለ ማስተማር ዘዴዎች ቢጠየቁ አሳምረው ይመልሳሉ፤ ክፍል ሲገቡ ግን የሚያስተምሩት ራሳቸው በተማሩበት መንገድ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሰላው፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል ከመምህራን ጋር ያሳልፋል። ያንን ሁሉ ዓመት ያየውን በጥቂት ሳምንት ስላይድ ማስለቀቅ አይቻልም።

ስለዚህ ገለጻውን ቀንሼ በቦታው የድምፅ ቅጂ አስገባሁ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ትምህርት በስልኩ ይቀዳና አምስት ደቂቃውን ቃል በቃል ይጽፋል። ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ጻፉ ቢባሉ ማንም አይሠራውም፤ እኔም አልሠራውም። ከዚያ ጥያቄዎቻቸውን ይቆጥራሉ፦ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁት ስንቱ ነው? ከጥያቄው በኋላስ ምን ያህል ጠበቁ? አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በሳይንስ ክፍሎች ባደረገችው ጥናት መምህራን በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት ደግሞ የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። በእንግሊዝኛ ክፍል ጉዳዩ ይብሳል፤ ተማሪው ጥያቄውን መረዳት፣ ማሰብ፣ ዓረፍተ ነገሩንም በሌላ ቋንቋ መገንባት አለበት። ይህን እኔ ስናገር የተከራከሩኝ ሠልጣኞች፣ የራሳቸውን ጽሑፍ ሲያዩ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ሲመልሱ አገኙት።

ስህተት ማረምም እንዲሁ ነው። ተማሪው «ሺ ጎ ቱ ስኩል» ይላል፤ መምህሩ «የስ፣ ሺ ጎውዝ ቱ ስኩል» ብሎ ያልፋል፤ ተማሪውም «የስ» ይላል። እርማቱን ማን ሰማው? ተመራማሪዎቹ ሊስተርና ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ በፈረንሳይኛ በሚያስተምሩ ክፍሎች ባደረጉት ጥናት፣ ከመምህራኑ እርማት ከግማሽ በላይ የሆነው ይህ ዓይነቱ ነበር፤ ተማሪው ስህተቱን ራሱ እንዲያስተካክል በማድረግ በኩል ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሠልጣኞቼ «ሺ...?» ብለው ቆም ማለትን የለመዱት ይህን ልውውጥ በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ካዩ በኋላ ነው።

ማይክሮ ቲቺንግ፣ ማለትም ለጥቂት ተማሪዎች አጭር ትምህርት እየሰጡ መለማመድ፣ ነበረን፤ ግን ጎዶሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስታንፎርድ ላይ ሲጀመር ሠልጣኙ ያስተምራል፣ አስተያየት ይሰጠዋል፣ ያንኑ ትምህርት አሻሽሎ ደግሞ ያስተምራል። ጊዜ ሲጠብ የሚቆረጠው ይኸው መድገሙ ነው፤ እኔ ሌላውን ሁሉ ብቆርጥ እሱን አልነካም። አስተያየት ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠልጣኝ ገና አልሠለጠነም።

የሠልጣኞቹን የራሳቸውን እንግሊዝኛ በተመለከተ አጠቃላይ የቋንቋ ኮርሱን አስቀርቼ መመሪያ መስጠትን፣ በቀላል ቃል ማስረዳትንና ጥያቄን ለውጦ መጠየቅን ማለማመድ መረጥኩ። ነገ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው።

ይህን ለመሞከር ለሚያስብ አሰልጣኝ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ውጤት የሚሰጠው ሰው ቅጂውን አይስማ። ቅጂው የሠልጣኙ ንብረት ይሁን፤ ከተማሪዎቹ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ሥራው ሲያልቅም ይጥፋ። ነጥብ የሚያዝበት ከሆነ የሚመጣላችሁ አስቀድሞ የተለማመዱበት ትምህርት ነው፤ በእሱ ላይ ደግሞ ብዙ የምትሠሩት ነገር የለም።