«ከማን ጋር አረጋገጥህ?»

በ41 ዓመቴ ከደብረ ብርሃን ወደ ባሕር ዳር መጥቼ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት የጉዞ መርሐ ግብር አዘጋጅ ሆኜ ስቀጠር፣ ከሥራው ይበልጥ ያስጨነቀኝ በከተማው አንድም ሰው አለማወቄ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው ቀርቦ «እንተዋወቅ» ማለት ያሳፍራል፤ ስለዚህ የማላውቀውን ሁሉ ስልኬ ላይ የጫንሁትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ መጠየቅ ልማድ አደረግሁ። እሱ «ይህንንም አታውቅም?» ብሎ ፊት አያጠቁርም። ሥራ አስኪያጃችንም «ሰው ጋ እየደወሉ መጠየቅ ቀረልን» ብለው ተደስተው ነበር (ኋላ ግን እንዲህ ማለታቸውን አላስታወሱም)።

ስድስት እንግዶች መጡ፤ አራቱ ሴቶች ናቸው። በማሽኑ ምክር ከጣና ሐይቅ ገዳማት ለጠዋት ክብራን ገብርኤልን፣ ቀጥሎ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይዤ ወደብ ወረድሁ። የጀልባው ባለቤት፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ኮምፒውተር ነው ጋሼ፤ እኔም አረጋግጫለሁ።»

«ከማን ጋር አረጋገጥህ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ያረጋገጥሁት ከራሱ ከማሽኑ ጋር ነበርና።

«ክብራን ሴት አይገባም። አራቱን ጀልባ ላይ ልታስጠብቃቸው ነው? አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ እሱ ይገባሉ።»

እዚያው ስልኬን አውጥቼ «ሴት አይገባም አሉኝ» ብዬ ጻፍሁ፤ ይቅርታ ጠይቆ «ልክ ነዎት፣ አይገቡም» አለ። ደግሜ «እርግጠኛ ነህ?» ስለው እንደገና ይቅርታ ጠይቆ «ይገባሉ» አለ። በትከሻዬ በኩል ያነቡ የነበሩት ሰውዬ ሳቁ። ሲስተሙ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ እንደሚጽፍ ላስረዳቸው ስሞክር፣ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ግምት ከሆነ ታዲያ ‹መሰለኝ› አይልም?»

እንጦስን አይተን ዘጌ ደረስን። አንዲት እንግዳ የዑራ ሥዕሎች መቼ እንደተሣሉ ብትጠይቃቸው «እኔ የጀልባ ሰው ነኝ፤ መሪጌታን ጠይቂያቸው» ብለው እጃቸውን ወደ ቅጽሩ ዘረጉ።

በማግሥቱ ቡና ልጋብዛቸው ሄድሁ። በእሳቸው በኩል መሪጌታውን፣ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎችንና የዘጌ ቡና የሚያመጣልኝን ሰው አወቅሁ፤ ማሽኑ ባይሳሳት ኖሮ አንዳቸውንም አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር «ዛሬ ነፋስ የለም» ብለው አስተማምነውኝ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ጣና ተነሥቶ እስከ አጥንታችን በሰበስን። «ጋሼ፣ ‹መሰለኝ› አላሉም እኮ» ብላቸው ፎጣውን ወርውረውልኝ «እሺ፣ የዛሬውን ቡና እኔ እከፍላለሁ» አሉኝ።