በባዶ ተሳቢ ቸርችልን ስንወርድ

ሰው የሚፈራው የጫነ መኪና ነው። ክረምት ላይ ግን ሹፌር ባዶውን ነው የሚሰጋው። ይህን የሰማሁት ሐምሌ ላይ፣ ፌሮ ጭኖ ከቃሊቲ ወደ አራት ኪሎ በሚወጣ ተሳቢ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከባድ መኪና ቀን ቀን መሀል ከተማ እንደ ልቡ ስለማይገባ ሥራው የሌሊት ነው። ሹፌሩን ጋሼ ነው የምላቸው። የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ጅቡቲ መስመር ላይ የሸበቱ።

ለመነሳት ብዙ ቆየን። እኔ ቸኩያለሁ፣ እሳቸው መኪናው ሥር ገብተዋል። ከንፋስ ታንኩ ሥር ያለችውን ቫልቭ ሳብ ሲያደርጓት ፉሽ ብሎ ውሃ ወጣ፤ ዘይት የነካካው፣ የቡና አተላ የመሰለ ውሃ። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ የያዘው እርጥበት ታንኩ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ካልተለቀቀ የአየሩን ቦታ ይሻማል፣ ቫልቮቹንም ያዝጋል። ረዳቱ ደግሞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ዞረ። ድምፁ ደፈን ካለ ንፋስ ጎድሎታል ማለት ነው። ከኋላ መንታ ጎማዎች መሀል የተቀረቀረ ድንጋይ አገኘና ታግሎ አወጣው። እሱ ድንጋይ መንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ቢሆን ከኋላ የሚመጣውን መኪና መስታወት አይምረውም ነበር።

ጎተራን አልፈን መስቀል አደባባይ ስንደርስ ማካፋት ጀመረ። ጋሼ ወዲያው ፍጥነት ቀነሱ።

«ገና እኮ ነው፣ አልዘነበም» አልኳቸው።

«የሚያሟልጨው አሁን ነው። ዶፉ ሲወርድማ መንገዱን ያጥበዋል።»

ልክ ናቸው። ቀኑን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይትና ናፍጣ ከአቧራ ጋር የሚላቆጠው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ከፊታችን ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት አሰፉት። ክፍተቱን ያየ ሚኒባስ ሁሉ ዘው ይልበታል፣ ጋሼ እንደገና ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ሌላ ይገባል፣ እንደገና ይቀራሉ። እኔ ብሆን እጄ ከክላክስ ላይ አይነሳም ነበር። እሳቸው አንዴም አልነኩት።

ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ከሥሩ ይኑር አይኑር አይታይም። ማርሽ ቀንሰው፣ መሀሉን ይዘው፣ በዝግታ አለፉት። ከወጣን በኋላ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ደጋግመው ረገጡት። የረጠበ የፍሬን ሸራ ቶሎ አይዝም፤ ሲሞቅ ነው የሚደርቀው።

አራት ኪሎ ፌሮውን አራገፍን። ስንመለስ በፒያሳ አድርገን ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ደረስንና ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ተዘረጋልን። ዝናቡ አሁን ዶፍ ሆኗል። ጋሼ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ አወረዱ። አንዳንዱ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ አስገብቶ ይለቀዋል፤ ይሄ ቁጠባ ሳይሆን እብደት ነው። ሌላው ደግሞ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ ይወርዳል፣ ሸራው ይግላል፣ የምር ሲፈልገው ፍሬኑ እምቢ ይላል።

እኔ የገረመኝ ግን የሞተር ፍሬኑን፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው የሚያደርገውን፣ ማጥፋታቸው ነው። ጭነት ሲኖር ወዳጅ ነው አሉኝ። የመኪናው ፍሬን የተሠራው ለሙሉ ጭነት ነው፤ ባዶውን ሲሆን ጎማውን መሬት ላይ የሚጫነው ክብደት የለም። እርጥብ አስፋልት ላይ ሞተሩ በድንገት ከያዘው የኋላ ጎማ ይቆለፋል፣ ከዚያ ተሳቢው በጎን ወጥቶ መኪናውን ልቅደም ይላል። ስለዚህ ከባድ ማርሽ፣ ለስላሳ እግር፣ ትንሽ ረገጥ ከዚያ መልቀቅ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ አንድ ሰው ጃንጥላ ፊቱ ላይ ደፍቶ እየሮጠ ከፊታችን ተሻገረ። ዞር ብሎም አላየን። እኔ እግሬን ወለሉ ላይ ተክያለሁ፣ መኪናው ግን እንደ ነገሩ ቀስ ብሎ ቆመ።

በዚህ መሀል ስልካቸው ይጮሃል። አላዩትም።

ለገሃር ስንደርስ ጥግ ያዝን። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የዚያን ጊዜ ዕቃ የሚወርደው እዚሁ ነበር፤ አሁን ከላያችን የከተማው ባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፣ አብዛኛው የጅቡቲ ዕቃ ደግሞ በነጋሼ እጅ ነው። ስልኩን መልሰው ደወሉ። የመኪናው ባለቤት ነው፣ ሳይነጋ አንድ ጭነት እንዲደግሙ ይፈልጋል።

«ዓይኔ እየተከደነ ነው፣ ነገ ማታ ላድርስልህ» አሉት።

ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ አላቸው፣ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ፈልግ» ብለው ዘጉትና ረዳቱን «አንተ ልጅ፣ ታኮ አድርግበት» አሉት።